ቡድኑ የሚያስፈልገው ማን ነው? ከኤን ኤፍ ኤል ድራፍት በፊት የሚያዘው ሚዛን

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ብዙ ጊዜ ከፋሲካ ግርግር ጋር ተጠጋግቶ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤቶች አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይታያል። ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ከብበው ይጮኻሉ። አባት ገባ ብሎ "ማንና ማን ነው የሚጫወተው?" ሲል፣ "ማንም አይጫወትም" ይሉታል። ኳስ የለም፣ ሜዳ የለም። ሱፍ የለበሰ ወጣት መድረክ ላይ ወጥቶ ኮፍያ ያጠልቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወርዳል። ወዲያው ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ "ታክል ነበር የሚያስፈልገን!" ይላል፤ ግማሹ "እንዲህ ያለ ልጅ እንዴት ይታለፋል!" ብሎ ይመልሳል።

እኔም ለዓመታት የእህቴን ልጅ "ምኑ ነው እንዲህ የሚያስጮኽህ?" እያልኩ ስቀልድበት ኖሬአለሁ። ነገሩ ሲገባኝ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከራሱ ከጨዋታው ይልቅ ይህ ክርክር ማረከኝ። አንድ ቡድን አዲስ ተጫዋች ከመምረጡ በፊት "የሚጎድለኝ ምንድን ነው?" የሚለውን ጥያቄ እንዴት እንደሚመዝን ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድራፍት ማለት ምን ማለት ነው?

እኛ በለመድነው እግር ኳስ ቅዱስ ጊዮርጊስም ሆነ አርሰናል ተጫዋች ሲፈልግ ገንዘብ ይዞ ገበያ ይወጣል። ባለብዙ ገንዘቡ የተሻለውን ይወስዳል። የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ፣ ማለትም ኤን ኤፍ ኤል፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ወጣቶችን የሚያከፋፍለው በሌላ መንገድ ነው። 32ቱ ቡድኖች ይሰለፋሉ፤ በተራ በተራ አንዳንድ ተጫዋች ይመርጣሉ። ባለፈው የውድድር ዘመን የመጨረሻውን ደካማ ውጤት ያስመዘገበው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል፤ ሻምፒዮኑ ከሰልፉ ጫፍ ይቆማል። ይህ 7 ዙር ይደጋገማል፤ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ከ250 በላይ ወጣቶች ይመረጣሉ። ተጫዋቹ ቡድኑን አይመርጥም፤ የመረጠው ቡድን ብቻ ሊያስፈርመው ይችላል።

ሐሳቡ የፊላዴልፊያ ኢግልስ ባለቤት የነበሩት የበርት ቤል ነው። ሀብታሞቹ ክለቦች ጥሩ ጥሩውን እየለቀሙ ድሃዎቹን ባዶ እጃቸውን ማስቀረታቸው አስመርሯቸው ነበር። የመጀመሪያው ድራፍት በ1936 ተካሄደ፤ የመጀመሪያውን ተራ ያገኙትም ራሳቸው ቤል ነበሩ። ጄይ በርዋንገር የተባለ የዩኒቨርሲቲ ኮከብ መረጡ። ልጁ ግን በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። ድራፍት ገና ከጅምሩ እንዲህ ዓይነት ቀልድ ያውቃል።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፦ ተራ ራሱ ይለወጣል። ቡድኖች የዘንድሮን ተራ ለሌላ ቡድን ሰጥተው በምትኩ ተጫዋች፣ ወይም ወደ ኋላ የሚገኙ ብዙ ተራዎች፣ ወይም የመጪዎቹን ዓመታት ተራ ሊቀበሉ ይችላሉ።

ሜዳ ላይ ማን ምን ይሠራል?

የጨዋታውን ሕግ በሙሉ ማወቅ አያስፈልግም። በአንድ ጊዜ 11 ተጫዋቾች ይገባሉ። ነገር ግን የሚያጠቁትና የሚከላከሉት ፈጽሞ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ኳሱ ወደ ሌላው ቡድን ሲያልፍ ሁሉም ወጥተው ሌሎች 11 ይገባሉ። በዚህም የተነሳ ቡድኑ 53 ተጫዋቾች ይይዛል፤ እያንዳንዱም እንደ ሐኪም ስፔሻሊስት በአንድ ሙያ ብቻ የተካነ ነው። የኛ ተከላካይ ቢቸገር አማካይ ሆኖ ይጫወታል፤ እዚህ ግን ታክሉን ኮርነርባክ አድርጎ ማሰለፍ ግመልን ለፈረስ ግልቢያ ማሰለፍ ነው።

ኳርተርባክ ጥቃቱ ሁሉ ከእጁ የሚጀምር ሰው ነው፤ ኳሱን ወይ ይወረውራል ወይ ለሯጭ ይሰጣል። ሪሲቨር ሮጦ የተወረወረውን ይቀበላል። ራኒንግ ባክ ኳሱን አቅፎ በሰው መካከል እየሰነጠቀ የሚሮጠው ነው። ታክሎች በፊት መስመሩ ሁለት ጫፎች የሚቆሙ፣ ኳርተርባኩ እንዳይደፈጠጥ እንደ ግንብ የሚከልሉት ግዙፎች ናቸው። በተለይ በግራ በኩል የሚቆመው ታክል በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ የማያየውን ጀርባውን ይጠብቃል። በመከላከል በኩል ደግሞ ከጠርዝ ተነስቶ ኳርተርባኩን የሚያሳድድ አለ፤ እሱን የጠርዝ አሳዳጅ እንበለው። ኮርነርባክ ሪሲቨሩን እንደ ጥላ ይከተላል። ሌሎችም አሉ፤ ለዛሬ ይበቁናል።

ክፍተት ስንል የትኛው ክፍተት?

ደጋፊ "ክፍተት" ሲል በአብዛኛው ባዶ ወንበር ማለቱ ነው። ባለፈው ዓመት ማን ደካማ ነበር? ማን ለቀቀ? እሱን እንተካ። ይህ ስህተት አይደለም፤ ነገር ግን ሩቁን አያይም።

ቡድኖች ከዛሬው ባዶ ወንበር ሌላ ነገ የሚለቀቀውን ወንበርም ይቆጥራሉ። የማን ኮንትራት በሚቀጥለው ዓመት ያልቃል? ማን 33 ዓመት ሞላው? የማን ጉልበት ሁለት ጊዜ ተቀደደ? ወጣት ተጫዋች ለመብሰል ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ወንበሩ ባዶ በሆነበት ዓመት መትከል ብዙ ጊዜ መዘግየት ነው።

ግሪን ቤይ ፓከርስ በ2020 ያደረገው ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ቡድኑ ባለፈው ዓመት ለሱፐር ቦውል፣ ማለትም ለሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ሲቀረው ነበር የተሸነፈው። ኳርተርባኩ አሮን ሮጀርስ ነበር፤ ዕድሜው 36። ደጋፊው በአንድ ድምፅ "ሪሲቨር!" እያለ ሲጠብቅ፣ ቡድኑ ተራውን ከ30ኛ ወደ 26ኛ ለማሳደግ ተጨማሪ ከፍሎ ጆርዳን ለቭ የተባለ ኳርተርባክ መረጠ። ቁጣው ይታያችሁ። የሚገርመው ደግሞ ሮጀርስ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በተከታታይ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፤ ለቭም ሦስት ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በ2023 ሮጀርስ ሲሄድ ግን ቡድኑ አዲስ ኳርተርባክ ፍለጋ አልወጣም፤ ለቭ ተነስቶ ገባ፣ በመጀመሪያ ዓመቱም ወደ ጥሎ ማለፉ አደረሳቸው። ታዲያ ምርጫው ትክክል ነበር? ያንን ሪሲቨር ወስደው ቢሆን ሮጀርስ አንድ ዋንጫ ይጨምር ነበር ብሎ የሚከራከርን ሰው እኔ ሞኝ አልለውም።

የዚህ ተቃራኒ ስህተትም አለ፤ ወንበሩ ተይዟል ብሎ ማመን። ዋሽንግተን በ2019 በ15ኛ ተራ ድዌይን ሃስኪንስ የተባለ ኳርተርባክ መረጠ። በ2020 ሁለተኛው ተራ ሲደርሰው "ኳርተርባክ አለን" አለና ጎበዙን የጠርዝ አሳዳጅ ቼዝ ያንግን ወሰደ። በዚያው ዙር ቱዋ ታጎቫይሎዋ 5ኛ፣ ጀስቲን ኸርበርት 6ኛ ተመርጠው ሄዱ። ሃስኪንስ ያ ዓመት ሳያልቅ ተሰናበተ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2023 ድረስ ዋሽንግተን ከግማሽ ደርዘን በላይ ኳርተርባኮች ቀያየረ። አሪዞና ግን በ2018 በ10ኛ ተራ ጆሽ ሮዘንን መርጦ ሳለ፣ በዓመቱ የመጀመሪያው ተራ ሲደርሰው ካይለር ሙሬይን ወስዶ ሮዘንን ለሌላ ቡድን ሰጠ። ለአንድ ወንበር ሁለት የመጀመሪያ ዙር ተራ ማጥፋት ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ወንበሩ ላይ ሰው መኖሩና ወንበሩ መሙላቱ አንድ አይደሉም።

ለምን ሁሉም ቦታ እኩል አይመዘንም?

እዚህ ላይ ገንዘብ ይገባል፤ ነገሩ በሙሉ የሚዞረውም በዚህ ነው።

ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ አለው። በ2025 አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ እንዲያወጣ የተፈቀደለት መነሻ መጠን 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሀብታም ነኝ ብሎ ከዚያ ማለፍ የለም። 53 ሰው ከዚህች ማሰሮ ይመገባል።

በሌላ በኩል በድራፍት የተመረጠ ወጣት ደመወዙ የሚወሰነው በሚጫወትበት ቦታ ሳይሆን በተመረጠበት ተራ ነው፤ ኮንትራቱም ለአራት ዓመት ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ2010 የመጀመሪያው ተመራጭ ሳም ብራድፎርድ ለስድስት ዓመት 78 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረመ፤ ከዚያ ውስጥ 50 ሚሊዮኑ የተረጋገጠ ነበር። በ2011 አዲስ የሥራ ስምምነት ጸደቀ፤ የዚያ ዓመት አንደኛ ካም ኒውተን ለአራት ዓመት ያገኘው 22 ሚሊዮን ገደማ ነው። በአንድ ዓመት ልዩነት!

አሁን ሁለቱን አገናኙ። በወቅቱ በገበያ ላይ ውዱ የሆነው ኳርተርባክ ዳክ ፕሬስኮት በ2024 በዓመት በአማካይ 60 ሚሊዮን ዶላር ተፈራርሟል። በወቅቱ ውዱ የሆነው ራኒንግ ባክ ሴይኳን ባርክሊ በ2025 መጀመሪያ ያገኘው በዓመት 20 ሚሊዮን ከፍ ብሎ ነው። በድራፍት ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠ ወጣት ግን ኳርተርባክም ይሁን ራኒንግ ባክ ክፍያው ያው ነው። በ2024 ዋሽንግተን በሁለተኛ ተራ የመረጠው ኳርተርባክ ጄይደን ዳንኤልስ የአራት ዓመት ኮንትራቱ ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል፤ በዓመት ከ10 ሚሊዮን በታች መሆኑ ነው። ጥሩ ኳርተርባክ በድራፍት ያገኘ ቡድን በየዓመቱ 50 ሚሊዮን ያህል ተርፎት ሌላ ሰው ይገዛበታል። ጥሩ ራኒንግ ባክ በዚያው ተራ የመረጠ ቡድን የሚተርፈው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

የቦታ ክብደት የሚባለው ይህ ነው። ኳርተርባክ፣ ታክል፣ የጠርዝ አሳዳጅ፣ ሪሲቨርና ኮርነርባክ በገበያ ውድ ስለሆኑ በድራፍት መገኘታቸው ትርፉ ትልቅ ነው። ራኒንግ ባክ፣ ሴፍቲ (ከሁሉም ኋላ የሚቆመው ተከላካይ)፣ ከመሃል የሚቆሙ የፊት መስመር ሰዎች በተሻለ ርካሽ ይገኛሉ።

የፋሲካ ዋዜማን አስቡ። እናት ለገበያ የያዘችው ገንዘብ የተወሰነ ነው። ቤት ውስጥ ሽንኩርትም የለም፣ ዶሮም የለም፣ ቅቤም አልቋል። "ክፍተቱ" ሦስቱም ነው። ነገር ግን ገና ሲነጋ የምትሮጠው ወደ ዶሮው ነው፤ ምክንያቱም ጥሩ ጥሩው በጠዋት ያልቃል፣ የቀረውም ከሰዓት በኋላ ዋጋው አይቀመስም። ሽንኩርቱን ማታ ከሰፈር ሱቅም ታገኘዋለች። ሽንኩርት ዶሮ ወጥ ላይ አያስፈልግም የሚል የለም፤ ያለ ሽንኩርት ወጡ ራሱ የለም። ጥያቄው በየት በኩል፣ በምን ዋጋ፣ እስከ መቼ ይገኛል የሚለው ነው።

የመጋቢት ገበያ ለምን ከድራፍቱ ይቀድማል?

ሱፐር ቦውል በየካቲት ያልቃል። በመጋቢት አጋማሽ ኮንትራታቸው ያለቀ ተጫዋቾች ነጻ ሆነው ለፈለጉት ቡድን የሚፈርሙበት ገበያ ይከፈታል። ድራፍቱ የሚመጣው ከዚያ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው። ብልህ ሥራ አስኪያጅ ይህን ወር የሚጠቀምበት የሚያፈሱ ቀዳዳዎችን በመካከለኛ ተጫዋቾች ለመድፈን ነው። ዓላማው ኮከብ ማግኘት አይደለም፤ በድራፍቱ ምሽት "ታክል ካልወሰድኩ እሞታለሁ" የሚል ሰው ሆኖ አለመገኘት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሌሎቹ 31 ቡድኖች ያውቁታል፤ ከፊቱ ቀድመው ይወስዱበታል፣ ወይም ተራ ሲለዋወጡ ያስከፍሉታል።

አንዳንዴ ገበያውና ድራፍቱ የማይናበቡ ይመስላሉ። አትላንታ በመጋቢት 2024 ለኳርተርባኩ ለከርክ ከዚንስ የአራት ዓመት የ180 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ሰጠ። በሚያዝያ፣ በ8ኛ ተራው፣ ማይክል ፔኒክስ የተባለ ሌላ ኳርተርባክ መረጠ። አገር ጉድ አለ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ከዚንስ ተቀምጦ ፔኒክስ ተሰለፈ።

ሲንሲናቲ በ2021 ምን ገጠመው?

ሚዛኑን ሁሉ በአንድ ቦታ ማየት የሚፈልግ ሰው ይህን ታሪክ ይያዝ።

ሲንሲናቲ ቤንጋልስ በ2020 በመጀመሪያው ተራ ጆ በሮው የተባለውን ኳርተርባክ አግኝቷል። ልጁ ድንቅ ነበር፤ ችግሩ ከፊቱ የቆሙት ግንቦች ናቸው። በዚያው ዓመት በኅዳር፣ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ከዋሽንግተን ጋር ሲጫወት ጉልበቱ ተቀደደ። ቡድኑ 4 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ጨረሰ፤ በዚህም በ2021 ድራፍት 5ኛው ተራ ደረሰው።

በዚያ ተራ ሁለት ወጣቶች ቀርበው ነበር። አንዱ ፔኔይ ሱዌል፣ ታክል፤ ማንም ሊያልፈው የማይችል የተባለ ግንብ። ሌላው ጃማር ቼዝ፣ ሪሲቨር፤ ከጆ በሮው ጋር በዩኒቨርሲቲ አብረው ተጫውተው ሻምፒዮን የሆኑ። አገሩ በሙሉ ተከራከረ። ኳርተርባክህ ጉልበቱ ተሰብሮ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ እያየኸው ሪሲቨር ትወስዳለህ? ቀልደኞች ሥዕል እየሳሉ አሾፉ።

ቡድኑ ቼዝን መረጠ። ለምን? በመጀመሪያ፣ በመጋቢት ገበያ ራይሊ ሪፍ የተባለ ልምድ ያለው ታክል አስፈርሟል፤ ቀዳዳው ጠባብ ባይሆንም ባዶ አልነበረም። ሁለተኛውና ዋናው ነገር ቀጥሎ ማን አለ የሚለው ስሌት ነው። በሁለተኛው ዙር ሲመለሱ ጥሩ ሪሲቨር ይቀራል ወይስ ጥሩ የፊት መስመር ሰው? ዛሬ ከምትወስደውና በሁለተኛው ዙር ከምታገኘው መካከል ያለው ልዩነት የትኛው ላይ ነው የሚሰፋው? ሲንሲናቲ በፊት መስመር በኩል ልዩነቱ ይጠባል ብሎ ገመተ፤ በሁለተኛው ዙርም ጃክሰን ካርማን የተባለ የፊት መስመር ተጫዋች መረጠ።

ውጤቱን እዩት። ቼዝ በመጀመሪያ ዓመቱ ኳስ እየተቀበለ 1,455 ያርድ ሄደ (ያርድ ከሜትር ትንሽ የሚያንስ መለኪያ ነው)፤ በማጥቃት በኩል የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ቡድኑ 10 ጨዋታ አሸንፎ እስከ ሱፐር ቦውል ደረሰ። ምርጫው ተሳካ ማለት ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት በመደበኛው ውድድር በሮው ኳሱን ሳይወረውር 51 ጊዜ መሬት ላይ ተጣለ፤ በሊጉ ከሁሉም ይበልጣል። በጥሎ ማለፉ ከቴነሲ ጋር ባደረጉት አንድ ጨዋታ ብቻ 9 ጊዜ ወደቀ፤ እንደምንም አሸነፉ። በሱፐር ቦውሉ ደግሞ 7 ጊዜ ወደቀ፤ የመጨረሻው ተስፋቸውም አሮን ዶናልድ በግንቡ አልፎ በሮውን ሲይዘው አከተመ። 23 ለ 20 ተሸነፉ። በሁለተኛው ዙር የተመረጠው ካርማን የታሰበውን ያህል አልሆነም። ሱዌልስ? 7ኛ ሆኖ ዲትሮይት ወሰደው፤ በሊጉ ካሉ ታክሎች ቁንጮ ከሚባሉት አንዱ ሆነ።

ስለዚህ ማን ትክክል ነበር? እኔ ሲንሲናቲን እደግፋለሁ፤ ቼዝ በ2024 በተቀበለው ብዛት፣ በያርድም በታችዳውንም (ኳሱን ከተጋጣሚው ሜዳ መጨረሻ አድርሶ ነጥብ በማስቆጠር) ከሊጉ አንደኛ ሆኗል፤ እንዲህ ያለ ሰው በመጋቢት ገበያ አይገኝም። ነገር ግን ያ የመጨረሻው ደቂቃ ትዝ ሲለኝ ድምፄ ዝቅ ይላል።

ክፍተቱን ረስቶ ምርጡን መውሰድስ?

"ከቀሩት ሁሉ ምርጡን ውሰድ፣ ቦታውን ተወው" የሚል ትምህርት ቤት አለ። ቡድኖች ከድራፍቱ በፊት ወጣቶቹን ሁሉ ከአንድ ጀምሮ በደረጃ ያሰፍራሉ፤ ይህ ሰሌዳ ይባላል። የዚህ ትምህርት ተከታይ ተራው ሲደርስ ሰሌዳው ላይ ከላይ ያለውን ስም ይጠራል፤ አለቀ።

ከዋሽንግተን የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ርቆ ባልቲሞር የሚገኘው ሬቨንስ በዚህ ታዋቂ ነው። በ1996 ቡድኑ ከክሊቭላንድ ተነስቶ ገና መምጣቱ ነበር። አራተኛው ተራ ሲደርሰው የጎደለው ራኒንግ ባክ ነው፤ ሎረንስ ፊሊፕስ የሚባል ራኒንግ ባክም እዚያው አለ። ተጫዋች የመምረጡን ሥራ የሚመሩት ኦዚ ኒውሰም ግን ሰሌዳቸው ላይ ከላይ የነበረውን ታክሉን ጆናታን ኦግደንን ጠሩ። ታክል እያላቸው! ኦግደን የመጀመሪያውን ዓመት በሌላ ቦታ ተጫወተ። በዚያው ዙር በ26ኛ ተራ ላይንባከሩን፣ ማለትም ከተከላካይ ፊት መስመር ኋላ የሚቆመውን፣ ሬይ ሉዊስን ጨመሩ። ሁለቱም ዛሬ በሊጉ የክብር አዳራሽ ናቸው። ፊሊፕስን የወሰደው ቡድን ብዙ አልቆየበትም።

ታሪኩ ይጣፍጣል፤ ሌላውን ገጽ ግን ዋሽንግተን ያሳየናል። ከ2017 እስከ 2020 በተከታታይ አራት ዓመት በመጀመሪያው ዙር የተከላካይ ፊት መስመር ተጫዋች መረጠ፦ ጆናታን አለን፣ ዳሮን ፔይን፣ ሞንቴዝ ስዌት፣ ቼዝ ያንግ። አንዱም መጥፎ አልነበረም። ችግሩ አራት ጥሩ ሰዎች በአንድ መስመር ሲያድጉ አራቱም በአንድ ወቅት ትልቅ ደመወዝ ይጠይቃሉ፤ ማሰሮዋ ደግሞ ያቺው ናት። በ2023 መኸር ስዌትም ያንግም በአንድ ቀን ለሌሎች ቡድኖች ተሰጡ፤ ለስዌት የሁለተኛ ዙር፣ ለያንግ የሦስተኛ ዙር ተራ ብቻ ተገኘ።

ስለዚህ አብዛኞቹ ቡድኖች በሁለቱ መካከል ይሄዳሉ። ሰሌዳውን ከአንድ እስከ መቶ ከመደርደር ይልቅ በረድፍ በረድፍ ይከፍሉታል። አንድ ረድፍ ላይ ያሉት አምስት ወጣቶች በችሎታ የሚቀራረቡ ከሆነ ክፍተቱ ይወስናል። የላይኛው ረድፍ ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ሌሎቹ ወርደው ከሆነ ክፍተቱ ዝም ይላል። "ምርጡ ወይስ የሚያስፈልገው?" የሚለው ዝነኛ ጥያቄ በመልማዮቹ ክፍል ውስጥ የቴሌቪዥኑን ያህል አይጮኽም።

መልማዮቹ ራሳቸው ምን ያህል ያውቃሉ?

ከሚመስለው ያነሰ። ኬድ ማሲና በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ምሁራን ድራፍቱን አጥንተው ነበር። ከሁለት በአንድ ቦታ ከሚጫወቱ ተከታታይ ተመራጮች ቀድሞ የተጠራው የተሻለ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል ሳንቲም ከመወርወር ብዙም እንደማይበልጥ አገኙ። ቡድኖች በራሳቸው ዓይን ከመጠን በላይ ይተማመናሉ ማለት ነው። "የሚያስፈልገን ይህ ልጅ ብቻ ነው" ብሎ የሦስት ዓመት ተራ አሳልፎ የሚሰጥ ቡድን ብዙ ጊዜ የሚያለቅሰው ለዚህ ነው። ዋሽንግተን በ2012 ሮበርት ግሪፈን የተባለውን ኳርተርባክ በሁለተኛ ተራ ለማግኘት ሦስት የመጀመሪያ ዙር ተራዎችና አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ ከፈለ። ግሪፈን በጉዳት ተሰናከለ። በዚያው ድራፍት በአራተኛው ዙር "ለምኑ ነው?" እየተባለ የተመረጠው ተጠባባቂ በ2015 ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። ስሙ ከርክ ከዚንስ ይባላል፤ አዎ፣ ከላይ አትላንታ ላይ ያገኘነው ሰውዬ።

የምደግፈውን ቡድን እንዴት ላንብብ?

ከድራፍቱ ሳምንት በፊት ሦስት ነገር መመልከት ይበቃል። ቡድኑ በመጋቢት ማንን አስፈረመ? የማን ኮንትራት በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ያልቃል? በዘንድሮ ወጣቶች መካከል የትኛው ቦታ ብዙ ጎበዝ አለው፣ የትኛውስ ጥቂት? ብዙ ጎበዝ ያለበት ቦታ መጠበቅ ይችላል።

ዋሽንግተንን በ2025 በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል። ዳንኤልስ በመጀመሪያ ዓመቱ ከ4 ድል ወደ 12 ድል ወስዷቸዋል፤ ደመወዙም ገና ዝቅተኛ ነው። በተረፈው ገንዘብ በመጋቢት ላረሚ ተንሲል የተባለውን ውድ የግራ ታክል ከሂዩስተን አመጡ። የታክል ክፍተት ተደፈነ፣ እንግዲህ ሌላ ይመርጣሉ ተባለ። በሚያዝያ፣ በ29ኛ ተራ፣ ጆሽ ኮነርሊ የተባለ ታክል መረጡ። የእህቴ ልጅ ከሶፋው ተነስቶ "ደግሞ ታክል?" ብሎ ጮኸ። እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ነበረኝ፦ ግንብ ሁለት ጫፍ አለው፣ ተንሲልም 30 ዓመት ደርሷል።

አልተቀበለኝም። እኔም በ2018 የሆነውን ነገርኩት። በዚያ ዓመት ኒው ዮርክ ጃይንትስ በሁለተኛው ተራ ሴይኳን ባርክሊን መረጠ፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ሆነ፣ ቡድኑ ግን 5 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ፣ በዓመቱም ኳርተርባክ ፍለጋ ተመልሶ ወጣ። በዚያው ድራፍት በሰባተኛው ዙር በ233ኛ ተራ ፊላዴልፊያ ጆርዳን ማይላታ የተባለ አውስትራሊያዊ ጠራ። ራግቢ ተጫዋች ነበር፤ በአሜሪካ እግር ኳስ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ፊላዴልፊያ በወቅቱ ሁለት ስመ ጥር ታክሎች ነበሩት፤ ግራ በኩል የቆመው ግን 36 ዓመቱ ነበር። ማይላታ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ተማረ፣ ከዚያ ወንበሩን ወረሰ። በ2024 መጋቢት ባርክሊ ከኒው ዮርክ ወጥቶ በነጻ ገበያ ፊላዴልፊያን ተቀላቀለ። በዚያ ዓመት ከማይላታ ኋላ እየሮጠ 2,005 ያርድ ሄደ፤ በየካቲት ሁለቱም የሱፐር ቦውል ዋንጫ አነሱ።